የፊደሉ ዕድሜና የፉርጎው ዕድሜ

በእንግሊዝ አገር የባቡር አምሳያ ሠሪዎች ዘንድ እጅግ በተለመደው ስኬል፣ በእውነተኛው ባቡር ላይ 1 ጫማ የሆነው በአምሳያው ላይ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህም 1 ለ76 ገደማ ነው። 16 ጫማ ርዝመት የነበረው ተራ የዕቃ ፉርጎ በዚህ ስሌት 64 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል፤ በመዳፍ ውስጥ ይገባል። በዚህ አነስተኛ አካል ላይ ዘመኑን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ጽሑፉ ነው። ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ከ1904 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፉርጎዎቹ ጎን ላይ የስሙን ሁለት መነሻ ፊደላት በ25 ኢንች ቁመት በነጭ ቀለም ያጽፍ ነበር። በ1920 ግድም ቁመቱ ወደ 16 ኢንች ወረደ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ለቁጠባ ሲባል 5 ኢንች ብቻ ሆነ። በአምሳያው ላይ ይህ ለውጥ ከ8.3 ሚሊሜትር ወደ 5.3፣ ከዚያም ወደ 1.7 መውረድ ነው። የ1930ን የገጠር ጣቢያ አሳያለሁ ብሎ የተነሣ ሠሪ ከመካከል አንድ ባለ 1.7 ሚሊሜትር ፊደል ፉርጎ ቢያቆም፣ ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ዛፉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሥራው ዘመን ይፈርሳል።

እነዚህን ፊደላት በቡርሽ የሚጽፉ እጀ ብርቱዎች ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ሠሪ ከ1960ዎቹ ወዲህ የተጠቀመው ደረቅ ፊደል በሚባለው ነው፤ ይኸውም በስስ ፕላስቲክ ገጽ ላይ ታትሞ፣ ውኃ ሳይነካው፣ ከላይ በማሸት ብቻ ወደሚፈለገው አካል የሚተላለፈው ፊደል ነው። ብዙ ሰው በዋናው አምራቹ ስም ሌትራሴት ብሎ ያውቀዋል። በየመሳቢያው የቀሩት ገጾች ዛሬ ሠላሳ፣ ዐርባ፣ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ፊደሉ ሲታሽ ይሰበራል፤ ወይም ከነአካቴው አልለቅም ይላል። ገጾቹን አድሶ ለሥራ ማብቃት በአምሳያ ሠሪዎች መካከል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ይሁን እንጂ የሙያው ውጤት ሲመረመር አንድ መደናገር ደጋግሞ ይታያል። የፊደሉ ገጽ የራሱ ዕድሜ አለው፤ ፊደሉ የሚያርፍበት ፉርጎም የራሱ ዕድሜ አለው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባ እድሳት፣ እጁ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ ሐሰት ይናገራል።

ነገሩን ከልጆች መጫወቻ ለሚቆጥር አንባቢ ጉዳዩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። በብሪታኒያ ከባቡር ኩባንያዎቹ ሌላ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች፣ የከሰል ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች የራሳቸው ፉርጎዎች ነበሯቸው። የባለቤቱ ስምና የከተማው ስም በጎኑ ላይ በትልልቁ፣ ብዙ ጊዜም በጥላ ታጅቦ፣ በእጅ ይጻፍ ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲነሣ እነዚህ ፉርጎዎች ተጠቃለው በጋራ አገልግሎት ሥር ዋሉ፤ በ1948 የባቡር ሐዲዱ የመንግሥት ሲሆን አብረው ተወረሱ። የእንጨት አካላቸው በቀጣዮቹ ሁለት ዐሥርት ዓመታት እየተፈታ ሲጣል ከጥቂቶቹ በቀር ደብዛቸው ጠፋ። በመሰላል ላይ ቆሞ፣ በጠመኔ መስመር አስምሮ ትልልቅ ፊደል የሚጽፈው ሠራተኛ የእጁ ሥራ ዛሬ ከሞላ ጎደል የሚገኘው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ያም ቢሆን የተሟላ ምስክር አይደለም። አሮጌው የፎቶግራፍ ሰሌዳ ቀይ ቀለምን አጨልሞ ስለሚያሳይ ቀዩን ከጥቁሩ ለመለየት ያዳግታል፤ ፎቶግራፉም አንዱን ጎን እንጂ ሙሉውን አካል አይሰጥም። በኦክስፎርድሺር በሎንግ ዊተንሃም መንደር የሚገኘው፣ ሮይ ኢንግላንድ የተባለ ከአውስትራሊያ የመጣ ሰው በ1954 የመሠረተው የፔንደን ሙዚየም፣ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን የእንግሊዝ ገጠር በዚሁ የ4 ሚሊሜትር ስኬል ለትውልድ ለማቆየት የተነሣው ይህን መሰሉን ጥፋት በመፍራት ነበር። የሣር ክዳን ቤት፣ የአትክልት ቦታ፣ የመንገድ ዳር ጽሑፍ ሁሉ በዚያ የሚሠራው በማስረጃነት ነው። ይህን የመሰለ ዓላማ ላነገበ የአምሳያ ጥበብ ፊደል ጌጥ ሊባል አይችልም።

የደረቅ ፊደል ታሪክ አጭር ነው። ሌትራሴት የተባለው ድርጅት በ1959 በለንደን ሲቋቋም የመጀመሪያ ምርቱ በውኃ ርሶ የሚተላለፍ ፊደል ነበር። በ1961 ውኃውን አስቀርቶ በማሸት ብቻ የሚተላለፈውን አወጣ። የማስታወቂያ ሠራተኛው፣ የመጽሐፍ ሽፋን ነዳፊው፣ የሕንጻ ንድፍ ባለሙያው የማተሚያ ቤት ደጅ ሳይጠና የተስተካከለ ርእስ በጠረጴዛው ላይ ለማዘጋጀት በቃ። አነስተኛ አታሚዎችም ቴክኒኩን ተቀብለው የባቡር፣ የአውሮፕላንና የታንክ ምልክቶችን ለአምሳያ ሠሪዎች ብቻ ማተም ያዙ።

ገጹ የፋብሪካ ውጤት ቢሆንም ከበስተጀርባው የሰው እጅ አለ። በሌትራሴት የፊደል ክፍል እያንዳንዱ ፊደል በመጀመሪያ በትልቅ መጠን በቀይ ስስ ፊልም ላይ በስለት ይቆረጥ ነበር። የአንድን ክብ ፊደል ጎባጣ መስመር እጅ ሳይንቀጠቀጥ፣ ስለቱ ሳይነሣ መቁረጥ ረዥም ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ1964 ድርጅቱን የተቀላቀለው ኮሊን ብሪግናልና በ1972 በዚያ ሥራ የጀመረችው ፍሬዳ ሳክ ከዚህ ዓይነቱ ቤት ወጥተው በፊደል ቀረጻ ስም ያተረፉ ናቸው። አሮጌ ገጽ የሚያድስ ሰው በእጁ የያዘው እንግዲህ ሁለት እጆችን ነው፦ ፉርጎውን የጻፈውን ሠራተኛና ያንን ጽሑፍ አሳንሶ የቆረጠውን ወይም የሣለውን ባለሙያ። ኮምፒዩተር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ንድፍ ክፍሎች ሲገባ የደረቅ ፊደል ገበያ ወደቀ፤ ጥቂት አነስተኛ ሠሪዎች ዛሬም ቢያመርቱ የቀድሞው ብዛትና ዓይነት የለም። አንዲት ፊደል በከንቱ ስትሰበር ምትክ ላይገኝላት ይችላል።

የእርጅናው ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ያለ ነው። ቀለሙ በሐር ወንፊት ከፕላስቲኩ በታች በግልባጭ ይታተማል፤ በቀለሙ ላይ ሰም ያለበት ስስ ማጣበቂያ ይደረብበታል፤ ከዚያም የማይጣበቅ የጀርባ ወረቀት ይሸፍነዋል። ከላይ ሲታሽ ፕላስቲኩ በትንሹ ይለጠጣል፤ ቀለሙ ግን ያን ያህል ስለማይለጠጥ ከፕላስቲኩ ይላቀቅና በማጣበቂያው አማካይነት ከሥሩ ያለውን አካል ይይዛል። ጥበቡ ሁሉ በሁለት መያዣዎች ብልጫ ላይ የቆመ ነው፤ የታችኛው ከላይኛው መብለጥ አለበት። ዓመታት ሲያልፉ ማጣበቂያው ይደርቃል፤ ብልጫውን ያጣል። ቀለሙም ተጣጣፊነቱን ትቶ እንደ ቀጭን ሸክላ ይሆናል። ባለቅኔ ሰሙን ገፍፎ ወርቁን ያገኛል፤ እዚህ ግን ሰሙ ከሌለ ወርቁ ከቦታው አይነሣም። ገጹ ሙቀት ባለበት ክፍል ከተቀመጠ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ማጣበቂያው ላልቶ ፊደሉ ከፕላስቲኩ ይልቅ በጀርባ ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ለማዳን የሚደረገው ጥረት መጀመር ያለበት ከመንካት በፊት ነው። ገጹ እንዳለ፣ ከነስንጥቁ፣ በሥዕል መቅጃ በከፍተኛ ጥራት መቀዳት ይኖርበታል። ብዙዎች ይህን የሚያስቡት የመጀመሪያዋ ፊደል ከተሰበረች በኋላ ነው። ቀጥሎ ከገጹ ጠርዝ የማታስፈልግ ቁጥር ወይም ነጥብ ተመርጣ በተጣለ ፕላስቲክ ላይ ትሞከራለች። ሙሉ ሆና ከወረደች ገጹ ጤነኛ ነው። ካልለቀቀች ገጹን በጠረጴዛ መብራት አጠገብ በትንሹ ማሞቅ ማጣበቂያውን ሊያነቃው ይችላል፤ ከመጠን ካለፈ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ ፊደሉን ያጣምመዋል። ማሻው ጫፉ የደነበሰ መሆን አለበት። አስተሻሸቱም ከአንድ ጥግ ተነሥቶ በቀላል እጅ መላውን ፊደል የሚያዳርስ እንጂ በአንድ ቦታ የሚጫን አይደለም። ፕላስቲኩ በዝግታ ይነሣል፤ የተንጠለጠለ ጫፍ ከታየ ወዲያው ተመልሶ ይታሻል። በመጨረሻም የጀርባ ወረቀቱን በፊደሉ ላይ ጥሎ እንደገና ማሸት ፊደሉን ከአካሉ ጋር ያዋሕደዋል። የተበላሸውን በሚጣበቅ ፕላስተር ነካ አድርጎ ማንሣት ይቻላል። እስከዚህ ያለው የትዕግሥት ጉዳይ በመሆኑ ብዙ ሐተታ አያሻውም።

ክርክሩ የሚጀምረው ማጣበቂያው ጨርሶ በሞተ ገጽ ላይ ነው። የተለመደው ዘዴ ፊደሉን በቀጥታ በፉርጎው ላይ ከማሳረፍ ይልቅ፣ በውኃ ተነክሮ የሚንሸራተት ልጣፍ በሚሠራበት ባዶ ግልጽ ገጽ ላይ ማሸት ነው። በጠፍጣፋና ለስላሳ ገጽ ላይ የሚታሽ ፊደል በሳንቃዎች መጋጠሚያ ላይ ከሚታሸው ያነሰ ይሰበራል፤ የተሰበረም ቢሆን ሥራው ሳይበላሽ ሌላ ይሞከራል። ከዚያ በላዩ ስስ ቨርኒሽ ይነፋበታል፤ ሲደርቅ ተቆርጦ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ እየተንሸራተተ ከቦታው ይደርሳል። በሰምና በማሸት ይኖር የነበረው ፊደል በውኃና በቨርኒሽ ሌላ ሕይወት አገኘ ማለት ነው።

ዘዴው ብዙ ገጾችን ከጥፋት አድኗል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። የደረቅ ፊደል ትልቁ ክብሩ በዙሪያው ምንም ሽፋን የሌለው መሆኑ ነው። ቀለሙ ብቻ ይወርዳል፤ ልክ በቡርሽ እንደተጻፈ ከሳንቃው ጋር ይዋሐዳል። በውኃ ልጣፍ ላይ ያረፈ ፊደል ግን ግልጽ መጋረጃ ይዞ ይመጣል። የመጋረጃው ጠርዝ ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል፤ አካሉ ሻካራ ከሆነ ከሥሩ አየር ታምቆ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ይህን ለማስቀረት አካሉን አስቀድሞ በሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ ማለስለስ፣ ልጣፉን በሚያለሰልስ ፈሳሽ ከሳንቃው ጎድጎዳ ጋር ማጣበቅ፣ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ላይ በስለት መሰንጠቅ፣ በመጨረሻም ሁሉን በማያብረቀርቅ ቨርኒሽ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በትጋት የፈጸመ ሠሪ ጥሩ ውጤት ያገኛል። ቸኩሎ መጋረጃውን በአራት ማዕዘን ቆርጦ የለጠፈው ግን ፉርጎውን የሸቀጥ ጠርሙስ ያስመስለዋል። ባለ 25 ኢንች ፊደል ላይ መጋረጃው ፊደሉን እየተከተለ ሊቆረጥ ስለሚችል ዘዴው ያዋጣል፤ በ5 ኢንቹ ላይ ግን ከፊደሉ መጋረጃው ይበዛል። ለትናንሾቹ ጽሑፎች የቀረውን ጤነኛ ገጽ መቆጠብ፣ ለትልልቆቹ የውኃውን ዘዴ መጠቀም የተሻለ ፍርድ ነው።

ሌላው አማራጭ የተቀዳውን ምስል በኮምፒዩተር አስተካክሎ አዲስ ማተም ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የሚመስል እንቅፋት አለ። ተራ የቢሮ ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭ ብሎ የሚያሳየው የወረቀቱን ነጭነት ነው። የፉርጎ ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው ነጭ ነው። ነጭ ማተም በመቻሉ ሠሪዎች ይመኩበት የነበረው አልፕስ የተባለው የጃፓን ማተሚያ ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፤ ዛሬ ነጭ የሚያትሙት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ውድ ናቸው። ከእንቅፋቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የአሠራሩ ልማድ ነው። ምስሉን መስመር በመስመር ተከትሎ የሚሥል ሰው የቀድሞውን እጅ ይጠብቃል። ድካሙን ሽቶ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ በቅርብ የሚመስለውን የፊደል ዓይነት መርጦ የሚተካው ግን የአንድን የከሰል ከተማ ጸሐፊ ጠማማ ግን ሕያው ፊደል አጥፍቶ፣ ሁሉም ፉርጎ በአንድ እጅ የተጻፈ እንዲመስል ያደርጋል።

ይህ ጉድለት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ሠሪዎች ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዙትን ሄልቬቲካ በ1920ዎቹ ፉርጎ ላይ አሽተዋል። ሄልቬቲካ በ1957 በስዊዘርላንድ የተሠራ ፊደል ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ዛሬ በሙቀትም በውኃም አድሶ፣ አንዲት ጠርዝ ሳትሰበር በ1925ቱ ፉርጎ ላይ ማሳረፍ ከቅርጽ አንጻር ድል፣ ከይዘት አንጻር ውድቀት ነው። ጊል ሳንስ የተባለው ፊደል እንኳ የወጣው በ1928 ነው፤ ለንደን ኤንድ ኖርዝ ኢስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ የተቀበለው ከዚያ ወዲህ ነው። የእድሳት ሙያተኛ ስለ ማጣበቂያ የሚያውቀውን ያህል ስለ ፊደል ታሪክ ካላወቀ፣ መዳን የማይገባውን ያድናል።

ከሁሉ የከፋው ግን ስንፍናን በጥበብ ስም የሚያስጌጠው አስተያየት ነው። አሮጌው ገጽ ሲታሽ ፊደሉ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል። አንዳንዶች ይህን አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ፉርጎውም አሮጌ ነውና ስንጥቁ ያረጀ ቀለም ይመስላል፣ ተፈጥሮ ራሷ አገዘችን ይላሉ። አስተያየቱ በሩቅ ሲሰሙት ያስማማል። በመለኪያ ሲፈተን ግን አይቆምም። በአምሳያው ላይ 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ በእውነተኛው ፉርጎ ላይ 15 ሚሊሜትር ነው፤ የአውራ ጣት ስፋት ሊያህል ጥቂት ቀረው። በእንጨት ላይ የተቀባ ቀለም እንደዚያ አይሰነጠቅም።

የከሰል ፉርጎ ቀለም የሚያረጀው በሥራው ነው። በሩ ሲከፈት እጅና አካፋ የሚያገኙት ቦታ ይገረደፋል። ከሰሉ ሲራገፍ የሚፋተገው የበሩ ጠርዝ ይላጣል። ዝናብ ከብረት ማሰሪያዎቹ ዝገት አጥቦ በነጩ ፊደል ላይ ቁልቁል ያወርዳል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የሳንቃ ልውውጥ ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ባለቤታቸው የጠፋ ፉርጎዎች ቀለም ሳይታደስላቸው አገልግሎት ሲቀጥሉ፣ የበሰበሰው ሳንቃ ወጥቶ ያልተቀባ አዲስ ይገባ ነበር። በዚያን ጊዜ የስሙ ፊደላት ወገባቸው ላይ በአግድም ተቆርጠው ይቀራሉ፤ ከላይ ራስ፣ ከታች እግር፣ በመካከል ባዶ እንጨት። በአምሳያው ላይ ይህ ከ2 ሚሊሜትር በጥቂት የሚበልጥ ቀጥ ያለ አግድም ባዶ ነው። የፉርጎው ስብራት የሳንቃውን ሕግ ይከተላል። የገጹ ስብራት ሳንቃውን አያውቅም፤ በመጋጠሚያው ላይ እንዳሻው ያልፋል፤ በማሻው ግፊትና በሰሙ ድርቀት የተወሰነ ነው። አንዱ የከሰል ሠራተኛውንና የጥገና ክፍሉን ታሪክ ይነግራል፤ ሌላው የመሳቢያውን። እንግዲህ እድሳቱ ፊደሉን ሙሉ አድርጎ ማሳረፍ አለበት፤ ማርጀት ካስፈለገው ከዚያ በኋላ በፉርጎው ምክንያት፣ በስለትና በቀለም፣ ታስቦበት ይርጅ።

ስብራት የሚያስከትለው ጉዳት ንባብንም ይነካል። የላቲኑ ጂ ወደ ውስጥ የምትገባ አጭር አግዳሚዋን ካጣ ሲ ይሆናል፤ የኩባንያው ስም ይለወጣል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ፊደል ከላቲኑ ይበልጥ ስስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በአካላቸው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ይይዛሉ፤ አምሳያቸውን የሚሠሩ ሰዎችም በየአገሩ አሉ። በ1 ለ144 ስኬል የግማሽ ሜትር ፊደል ከ3.5 ሚሊሜትር አይበልጥም። በዚህ መጠን የኢ እግር ላይ ያለችው ጭረት ከፀጉር ብዙም አትወፍርም። እርሷ ስትሰበር ኢ አ ይሆናል፤ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም «አትዮጵያ» ተብሎ ይነበባል። ፊደሉን የማያውቅ ሠሪ በአጉሊ መነጽር ቢያየው እንኳ ትንሽ ቀለም ጎደለ ከማለት አያልፍም፤ ምናልባትም የበረራ ብዛት ያመጣው ልባስ ነው ብሎ ይወድደዋል። ለአማርኛ አንባቢ ግን አንድ ልጅ በሰሌዳ ላይ ቢጽፈው መምህሩ የሚያርመው ስሕተት ነው። ጭረቷ በአንድ ፀጉር ቡርሽ ልትመለስ ትችላለች፤ ለመመለስ ግን መኖሯን ማወቅ ይቀድማል። የማያነቡትን ፊደል የሚያድሱ ሁሉ ከማሸታቸው በፊት የሚያነበውን ሰው መጠየቅ ይገባቸዋል።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ገና ያልታሸ ገጽን የሚመለከት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በተሠራ አምሳያ ላይ አርፎ አብሮ ያረጀ ፊደል ሲገጥም ግን ፍርዱ ይገለበጣል። እዚያ የፊደሉ ዕድሜ የአምሳያው ዕድሜ ነው፤ አምሳያውም ራሱ ታሪክ ሆኗል። በፔንደን ሙዚየም ከራሱ ከሙዚየሙ ሥራ ጎን ለጎን የጆን አኸርን ማደር ቫሊ የተባለ የአምሳያ ባቡር ሐዲድ ተጠብቆ ይገኛል። አኸርን ሥራውን የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ደረቅ ፊደል ገና ባልነበረበት ዘመን ነው። ማደር የተባለ ሸለቆ በምድር ላይ የለም፤ ሰውዬው ከሐሳቡ የፈጠረው ነው። ይህን የመሰለ ሥራ የዛሬ ሰው ይበልጥ ትክክለኛ በሆነ ፊደል ላሻሽልልህ ቢለው የሚያጠፋው የሠሪውን እጅ ነው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ደረቅ ፊደል ያለባቸው አምሳያዎችም አሁን ወደዚህ ዕድሜ እየገቡ ናቸው። በ1925ቱ ፉርጎ ላይ ያረፈው ሄልቬቲካ እንኳ፣ በአዲስ ሥራ ላይ ነቀፋ የሚገባው ቢሆንም፣ በ1965 በተሠራ አምሳያ ላይ የዚያ ዘመን አምሳያ ሠሪ ምን ያገኝ እንደነበረ የሚመሰክር ስለሆነ ሊነካ አይገባውም።

ጣሊያናዊው ቼዛሬ ብራንዲ፣ በ1939 በሮም የተቋቋመውን ማዕከላዊ የእድሳት ተቋም የመራው ሊቅ፣ በ1963 ባሳተመው የእድሳት ንድፈ ሐሳብ የጠፋ የሥዕል ክፍል ሲሞላ ከሩቅ ሥዕሉን የማያውክ፣ ከቅርብ ግን ከዋናው ተለይቶ የሚታወቅ እንዲሆን አስተምሯል። ተቋሙ ለዚህ ብሎ ያዳበረው በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች የመሙላት ዘዴ በግድግዳ ሥዕል ላይ ያማረ ውጤት ሰጥቷል። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም እድሳት ግምት በሚጀምርበት ላይ መቆም እንዳለበት ደንግጓል። በ1.7 ሚሊሜትር ፊደል ላይ ግን የትኛው መስመር ተለይቶ ሊታይ ይችላል? መርሁ ትክክል ሆኖ ዘዴው አይገባም። አምሳያው ግን ግድግዳ የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ሆድ አለው። ፉርጎው ሲገለበጥ ማንም የማያየው ጠፍጣፋ ወለል አለ።

ለአሮጌ አምሳያ የሚበጀው እንግዲህ ይህ ነው። የሚላጠው ፊደል አይነሣም፤ በቀጭን ቡርሽ ጫፍ አንዲት ጠብታ የቀጠነ ቨርኒሽ በተላጠው ጠርዝ ሥር ይነካል፤ ፈሳሹ በራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሲደርቅ ይይዘዋል። ፈሳሹ የፊደሉን ቀለም የማያሟሟ መሆኑ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ይፈተናል። የጠፋው ክፍል ማስረጃ ካለው ይሞላል፤ ከሌለው ባዶውን ይቀራል። ከዚያ አምሳያው ተገልብጦ በወለሉ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፦ የትኛው ፊደል የመጀመሪያው እንደሆነ፣ የትኛው በየትኛው ዓመት በቡርሽ እንደተሞላ፣ ማስረጃው የትኛው ፎቶግራፍ እንደነበረ፣ ቨርኒሹ ምን ዓይነት እንደሆነ። ፉርጎው 64 ሚሊሜትር ርዝመት ስላለው ጽሑፉ ማጠር ይኖርበታል፤ አራት መስመር ግን ይበቃዋል።